ማታ አጥንቶ የተኛና ጠዋት አጥንቶ የዋለ፦ ልዩነቱ የእንቅልፍ ነው ወይስ የቀኑ ውሎ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የሥነ ልቦና ድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። አእምሮ በእንቅልፍ ጊዜ ትውስታን እንዴት እንደሚያጸና ለመመረቂያ ጽሑፌ ማጥናት እፈልጋለሁ። 20 ሰዎች ማታ 3 ሰዓት ላይ የቃላት ጥንዶች አጥንተው ይተኙና ጠዋት 3 ሰዓት ይፈተናሉ። ሌሎች 20 ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት አጥንተው ማታ 3 ሰዓት ይፈተናሉ። ስምንት ቻናል ያለው ኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ላይ የሚመዘግብ መሣሪያ) በውሰት አገኛለሁ። የተኙት ከበለጡ አእምሮ በእንቅልፍ ውስጥ ትውስታ ላይ እንደሚሠራ አሳየሁ ማለት ነው? ኢኢጂውንስ ምን ላድርግበት?»

በዚህ አሠራር አያሳዩም። የተኙት መብለጣቸው አይቀርም ይሆናል፤ ለምን በለጡ የሚለውን ግን ጥናቱ ሊመልስ አይችልም። ጠዋት ያጠኑት 20 ሰዎች በ12 ሰዓት ውስጥ ታክሲ ተሳፍረዋል፣ ክፍል ገብተዋል፣ ስልክ አውርተዋል። አዲስ የገባው ነገር ጠዋት ያጠኑትን ገፍቶት ሊሆን ይችላል። የተኙት ላይ ግን ምንም አልገባባቸውም። በዚያ ላይ አንዱ ቡድን የሚፈተነው ጠዋት በነቃ አእምሮ፣ ሌላው ማታ ውሎ ደክሞት ነው። ስለዚህ እንቅልፉ «ሠርቶ» ይሁን «ጠብቆ» ብቻ፣ ወይስ የፈተናው ሰዓት ነው ልዩነቱን ያመጣው፣ ከውጤቱ አይለይም።

ችግሩ መቶ ዓመት ያስቆጠረ ነው። ጄንኪንስና ዳለንባክ በ1924 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው 10 የፊደላት ጥምረቶች እያስጠኑ ከ1፣ ከ2፣ ከ4 እና ከ8 ሰዓት በኋላ ፈተኗቸው። ከ8 ሰዓት እንቅልፍ በኋላ ከግማሽ በላይ ያስታውሱ ነበር፤ ከ8 ሰዓት ውሎ በኋላ የቀረላቸው አንድ ገደማ ነው። የእርስዎ ንድፍ የዚህ ሙከራ ወንድም ነው። እነሱ ከውጤቱ የደረሱበት መደምደሚያ ግን እንቅልፍ ይሠራል የሚል አልነበረም። መርሳት የሚመጣው አሮጌው በራሱ ስለሚጠፋ ሳይሆን አዲሱ ስለሚጋፋው ነው አሉ፤ እንቅልፍን ያዩት እንደ መጠለያ ነው።

እንቅልፍ ከመጠለያነት ያልፋል ለማለት ያስቻለው ማስረጃ በኋላ የመጣ ነው። ዊልሰንና ማክናውተን በ1994 አይጦች ሲመላለሱ አዲስ ትውስታ በሚያዝበት የአንጎል ክፍል፣ በሂፖካምፐስ፣ ውስጥ አብረው ይተኩሱ የነበሩ ሴሎች አይጦቹ ሲተኙም አብረው እንደሚተኩሱ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች በጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሦስት ምቶች እርስ በርስ ተሰካክተው እንደሚሄዱ ታውቋል። አንደኛው ከኮርቴክስ፣ ማለትም ከአንጎል የላይኛው ሽፋን፣ የሚነሳው፣ በሰከንድ ከአንድ በታች የሚመላለሰው ዝግ ሞገድ ነው። በዚህ ሞገድ ከፍታ ላይ ከ11 እስከ 16 ኸርዝ ያለው (በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ የሚመላለስ) ስፒንድል የሚባል አጭር ንዝረት ይቀመጣል። በስፒንድሉ እጥፋቶች ውስጥ ደግሞ ሪፕል የሚባለው የሂፖካምፐስ ፈጣን ንዝረት ይገባል፤ በሰው ከ80 እስከ 100 ኸርዝ ገደማ ነው። ሂፖካምፐሱ የቀኑን ሲደግም ኮርቴክሱ ለመቀበል የተዘጋጀበት ቅጽበት ይህ ነው ተብሎ ይታሰባል። በ2009 እና በ2010 የወጡ ሁለት የአይጥ ጥናቶች ሪፕሎቹን በኤሌክትሪክ እየቆረጡ የቦታ ትውስታው እንደሚጎዳ አሳይተዋል፤ ስለዚህ ነገሩ አብሮ መታየት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ የመሣሪያዎን ወሰን ይወቁ። ሪፕል በራስ ቅል ላይ በተለጠፈ ኤሌክትሮድ አይታይም። በሰው የተመዘገበው ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ሲባል ወደ አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ ከገባላቸው ሕሙማን ነው። እርስዎ የሚያዩት ዝግ ሞገዱንና ስፒንድሉን ነው። ስለዚህ ጽሑፍዎ ውስጥ «ትውስታው ሲደገም መዘገብኩ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከገባ ፈታኙ እዚያው ላይ ይይዝዎታል፤ ልክም ነው።

እንግዲህ የምመክረው ይህን ነው፦ ሁለት ቡድን ማወዳደሩን ይተዉና በአንድ ሰው፣ በአንድ እንቅልፍ ውስጥ ያወዳድሩ። ዘዴው ተኝቶ ያለውን ሰው ከትምህርቱ ጋር በተያያዘ ምልክት መቀስቀስ ነው፤ ሰውየውን ሳይሆን ትውስታውን። ራሽና ባልደረቦቹ በ2007 ሰዎች የካርድ ጥንዶችን ቦታ ሲያጠኑ የጽጌረዳ ሽታ አሸተቷቸው፤ ሽታው በጥልቅ እንቅልፍ ሲደገም 97 በመቶ ገደማ፣ ሳይደገም 86 በመቶ ገደማ አስታወሱ። ሽታ ግን አንዱን ካርድ ከሌላው አይለይም። በ2009 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የእነ ሩዶይና ፖለር ቡድን በድምፅ ሠራው፤ 50 ሥዕሎች፣ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ ያለው፣ ከዚያ በቀን እንቅልፍ ውስጥ የ25ቱ ብቻ ድምፅ ተሰማ። የተጠሩት ሥዕሎች ቦታ ካልተጠሩት በተሻለ ተጠበቀ። ሰዓቱ አንድ፣ ድካሙ አንድ፣ እንቅልፉ አንድ ነው፤ የተለየው መጠራቱ ብቻ ነው። ለእርስዎ ጥያቄ የሚገጥመው ይህ ንድፍ ነው።

አሠራሩን በዝርዝር ልሂድበት። 48 ሥዕል ያዘጋጁ፤ 24 የሚጠሩ፣ 24 የማይጠሩ። ድምፆቹ ለተሳታፊዎችዎ ጆሮ የተለመዱና በአንድ ጊዜ የሚለዩ ይሁኑ፦ ዶሮ፣ አህያ፣ ሙቀጫ፣ ደወል፣ ወንፊት፣ የበር መንኳኳት። ከውጭ የድምፅ ክምችት የወረደ የባቡር ፉጨት ለብዙ ሰው ከምንም ጋር አይያያዝም። እያንዳንዱን በ500 ሚሊሰከንድ ይቁረጡ፣ የሁሉንም ጉልበት በአማካይ ያስተካክሉ፣ መነሻቸውንም ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ቀስ ብለው እንዲነሱ ያድርጉ። ድንገት የሚፈነዳ ድምፅ መጠኑ ዝቅተኛ ቢሆንም ያባንናል፤ የመኪና ጥሩምባ ጨርሶ አይግባ።

ሰውየው እያንዳንዱን ሥዕል በስክሪኑ ላይ ወደ ቦታው ይጎትታል፣ ድምፁ አብሮ ይሰማል፣ ትክክለኛው ቦታ ይታየዋል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከ4 ሴንቲሜትር ባነሰ ስህተት ካስቀመጠው ሥዕሉ ከዙሩ ይወጣል። ከዚያ መልሱ የማይነገርበት አንድ ፈተና ይሰጠዋል፤ ይህ የቅድመ እንቅልፍ ውጤት ነው። ቀጥሎ ያለውን ፕሮግራሙ ይሥራው፣ እጅዎን አያስገቡ፦ 48ቱን በስህተታቸው መጠን ይደርድር፣ አንደኛና ሁለተኛውን፣ ሦስተኛና አራተኛውን እያለ ያጣምር፣ ከየጥንዱ አንዱን በዕጣ ለመጠራት ይምረጥ። ይህ ካልተደረገ ከመጀመሪያው በደንብ ያልተያዙ ሥዕሎች በአንድ ወገን ሊበዙ ይችላሉ። በመጀመሪያ ፈተና እጅግ የከፋ ነገር በሁለተኛው በራሱ ወደ አማካዩ ስለሚጠጋ፣ ምንም ሳይፈጠር «ውጤት» ያያሉ።

እንቅልፉን ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ያድርጉት። 90 ደቂቃ ለአንድ ሙሉ ዑደት ይበቃል፣ ሰዓቱም አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው የሚያንጎላጅበት ነው። ሌሊቱን ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድመው እንዲነሱ ይጠይቋቸው። ቡና ከጠዋት ጀምሮ የለም። «አቦሉን ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል ተሳታፊ አይጠፋም፤ ካፌይን በደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ለሚወስዱ ሴቶች ደግሞ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጫት የቃሙትንም በመጠይቁ ላይ በግልጽ ጠይቀው ለሌላ ቀን ይቅጠሯቸው። በጾም ወቅት ከሆነ የተራበ ሰው ቶሎ አይተኛምና የምግብ ሰዓቱን መዝግበው ለሁሉም አንድ ዓይነት ያድርጉ።

ክፍሉ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለዋወጥ ነጭ ጩኸት ይክፈቱ። ሁለት ጥቅም አለው፤ የውጭውን ማይክሮፎንና የግንባታ ድምፅ ይሸፍናል፣ የእርስዎም ምልክት ከጸጥታ ውስጥ ዘሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። ምልክቱን ከ40 ዴሲቤል አካባቢ ይጀምሩ፣ የሚለካውም ከስፒከሩ አጠገብ ሳይሆን ከትራሱ ላይ ነው። ብሉቱዝ ስፒከር አይጠቀሙ። ድምፁ በየጊዜው በተለያየ መዘግየት ስለሚወጣ በኢኢጂው ላይ የተመዘገበው ምልክትና የተሰማው ድምፅ አይገናኙም፤ ይህን ደግሞ በኋላ በምንም ስሌት አያርሙትም።

አሁን ወደ ስምንቱ ቻናል እንምጣ፤ ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው። ከፊት ኤፍ3 እና ኤፍ4፣ ከመካከል ሲ4፣ ከኋላ ኦ2፣ ሁለቱ የዓይን ኤሌክትሮዶች፣ ሁለት ደግሞ አገጭ ላይ። ሌሎቹ የሚነጻጸሩበት ማጣቀሻ ከግራ ጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ፣ ማለትም ኤም1፤ ግራውንዱ ግንባር መካከል። አገጭ ላይ ሁለት ያልኩት ርካሾቹ መሣሪያዎች አንድ የጋራ ማጣቀሻ ስላላቸው ነው፤ የጡንቻውን ምልክት የሚያገኙት አንዱን ከሌላው ቀንሰው ነው። ማጣቀሻውን አናት ላይ አያድርጉት። ጥልቅ እንቅልፍን የምንለይበት የ75 ማይክሮቮልት መስፈርት የተቀመጠው የፊት ኤሌክትሮድ በተቃራኒው ጆሮ ኋላ ሲጣቀስ ነው። አናት ለፊት ኤሌክትሮዶች ቅርብ ስለሆነ ሞገዱ ይቀነሳል፣ ገጹም ላይ ጥልቅ እንቅልፍ «ይጠፋል»። ተሳታፊው እያንኮራፋ ምልክት ሳያሰሙ 90 ደቂቃው ያልቃል።

ቦታውን በሜትር ይለኩ፣ በዓይን አይገምቱ። ከአፍንጫ ሥር እስከ ማጅራት ጉብታ 36 ሴንቲሜትር ከሆነ አናቱ 18 ላይ ነው። ከጆሮ ጆሮ 35 ከሆነ ሲ4 ከአናቱ ወደ ቀኝ 7 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 20 በመቶ ላይ ይወድቃል። ፀጉርን በተመለከተ የውጭ መመሪያዎች ብዙም አይረዱዎትም። ቅቤ ወይም ቅባት የተቀባ ራስ ላይ ኢምፒዳንሱ (በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ከ5 ኪሎኦም በታች አይወርድም፣ የቱንም ያህል ፓስታ ቢጨምሩ። ከዋዜማው ታጥበው ምንም ሳይቀቡ እንዲመጡ በቀጠሮው መልእክት ላይ ይጻፉት። ሹሩባ ግን እንቅፋት አይደለም፤ እንዲያውም በመስመሮቹ መካከል ያለው ቆዳ የተገለጠ ነው። ቆዳውን በሚሰነጥቀው መስመር ላይ በጥጥ እንጨትና በማሻሻ ጄል ሦስት አራት ጊዜ ቀስ ብለው ያሹ፣ ከዚያ የኤሌክትሮዱን ጎድጓዳ ሆድ በፓስታ ሞልተው ይጫኑ፣ ላዩን በጎዝ ይሸፍኑ። መስመሩ ከሚፈለገው ነጥብ አንድ ሴንቲሜትር ቢርቅ እንቅልፍን ለመለየት አይጎዳም። ፀጉሯ ስለተሠራ ብቻ ተሳታፊን መመለስ ስንፍና ነው፣ ናሙናውንም ያዛባል።

ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅለው በባትሪ ያሠሩት። መብራት ቢሄድም አይቋረጥም፣ የ50 ኸርዝ ንዝረቱም ይቀንሳል። ንዝረቱ ከበዛ ማጣሪያ ከመክፈትዎ በፊት የማጣቀሻውን ኤሌክትሮድ ይፈትሹ፤ ማጣሪያ የላላን ኤሌክትሮድ ይደብቃል እንጂ አያጠብቅም።

ሰውየው ተኛ። በስክሪኑ ላይ 30 ሰከንድ አንድ ገጽ ነው። መጀመሪያ ዓይኖቹ ቀስ ብለው ይንከባለላሉ፣ የ8 እስከ 13 ኸርዙ አልፋ ይሳሳል። ከዚያ አንድ ትልቅ ስለታም ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ኬ-ኮምፕሌክስ ነው። ወዲያው ከኋላው አንዳንዴ አንድ ሰከንድ የማይሞላ የጠበቀ ንዝረት ይከተላል፣ ዳርና ዳሩ ቀጭን፣ ሆዱ ወፈር ያለ። ስፒንድል ማለት እንዝርት ነው፤ ጥጥ የተጠቀለለበትን እንዝርት ያየ ሰው ገጹ ላይ ለማወቅ አይቸገርም። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደርሰዋል። ጥልቁ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው፦ ከገጹ ቢያንስ 20 በመቶውን፣ ማለትም 6 ሰከንዱን፣ ከ75 ማይክሮቮልት የሚበልጡ ዝግ ሞገዶች ሲይዙት።

አራት ተከታታይ ገጾች ጥልቅ ሆነው ሲያዩ ምልክቱን ይጀምሩ። በ5 ሰከንድ አንድ ድምፅ፤ 24ቱ በ2 ደቂቃ ያልቃሉ፣ ቅደም ተከተላቸው በየዙሩ ይቀያየር። 10 ደቂቃ የረጋ ጥልቅ እንቅልፍ 5 ዙር ይሰጥዎታል። ጣትዎ ከማቆሚያው ቁልፍ አይራቅ። አልፋ ብቅ ካለ ወይም የአገጩ መስመር ከወፈረ ያቁሙ፣ ሁለት ደቂቃ የረጋ እንቅልፍ ይጠብቁ፣ መጠኑን ጥቂት ቀንሰው ካቆሙበት ይቀጥሉ። ጥልቁ ካልመጣ በሁለተኛው ደረጃ ማሰማት ይቻላል፤ በ2020 91 ሙከራዎችን የደመረው ትንተና ውጤት ያገኘው በእነዚህ በሁለቱ ደረጃዎች ነው፣ ሕልም በሚበዛበት በሬም እንቅልፍ ግን አላገኘም። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ አይቀላቅሉ እንጂ፣ የትኛውን እንደሚይዙ ቀድመው ይወስኑ።

ከነቃ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ የእንቅልፍ ድብታው ሳይለቀው ቢፈተን የሚለኩት ድብታውን ነው። ፈታኙ የትኞቹ ሥዕሎች እንደተጠሩ የማያውቅ ሌላ ሰው ይሁን። ፈተናው ካለቀ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ «ተኝተው ሳለ የሰሙት ነገር ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ። ሰማሁ ያለው ሰው ከዋናው ስሌት ይወጣል። ከ3 ዙር በታች የሰማም እንዲሁ። እነዚህን ደንቦች የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመምጣቱ በፊት ጽፈው ያስመዝግቡ።

የሰው ቁጥር ላይ መራራውን ልንገርዎ። በዚያው የ2020 ትንተና የዘዴው አማካይ የውጤት መጠን (ልዩነቱ በመደበኛ ልይይት ሲለካ) 0.29 ነው፤ ትንሽ ነው። 0.3 የሚሆንን ልዩነት በአንድ ሰው ውስጥ እያወዳደሩ በ80 በመቶ ዕድል ለማየት 90 ገደማ ሰው ያስፈልጋል። 20 ሰው ይዘው የሚያዩት ውጤቱ 0.66 ገደማ ከሆነ ብቻ ነው። 90 ሰው ማስተኛት ለአንድ ተማሪ ከባድ ነው። 40 ሰው ይዘው ልዩነቱን ከነእርግጠኝነት ወሰኑ ቢያቀርቡና «ይህ ናሙና ከ0.45 በታች የሆነውን አይለይም» ብለው ቢጽፉ፣ 20 ሰው ይዞ «ተረጋገጠ» ከሚል ጽሑፍ ይሻላል። አማካሪዎን በዚህ ላይ አስቀድመው ያሳምኑ።

ዋናው ስሌት ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው ከእንቅልፍ በፊትና በኋላ ያለው የስህተት ለውጥ፣ የተጠሩት ከአልተጠሩት ሲቀነስ፣ አንድ ቁጥር። ስፒንድል ለመቁጠር ምልክቱን ከ11 እስከ 16 ኸርዝ አጣርተው ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከራሱ ከሰውየው መነሻ ከፍ ያለውን ይያዙ። በፓይተን የተጻፈው ያሳ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህንንም፣ የደረጃ ልየታውንም ይሠራል፤ ከአሥሩ ሁለቱን ግን በዓይንዎ ያረጋግጡ። በንቃት ላይ ያለ ሰው ኢኢጂ የሚሠሩ ሰዎች የዝቅተኛውን ድግግሞሽ ማጣሪያ 1 ኸርዝ ላይ የማድረግ ልማድ አላቸው። ለእንቅልፍ 0.3 ላይ ያድርጉት፤ አለዚያ የሚፈልጉትን ዝግ ሞገድ በገዛ እጅዎ ይጥሉታል። የስፒንድል ብዛትን ከውጤት ጋር በአራት ኤሌክትሮድና በአምስት መለኪያ አገናኝቶ አንዱ ሲገጥም መጻፍም የተለመደ በሽታ ነው። አንድ ኤሌክትሮድ፣ አንድ መለኪያ፣ ቀድሞ የተመዘገበ።

የጣት ቅደም ተከተል ሥራን ከቃላት ይልቅ ልጠቀም ብለው እንዳያስቡ። በ2002 የወጣው በሌሊት እንቅልፍ 20 በመቶ ፍጥነት ይጨምራል የሚለው ውጤት ዝነኛ ነው፤ ነገር ግን በ2008 ሪካርድና ባልደረቦቹ ከልምምዱ መጨረሻ ያለው ድካምና የአማካይ አወሳሰዱ አብዛኛውን ጭማሪ ሊያመጡት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ከፈታኝ ጋር የሚያከራክርዎትን በገንዘብዎ አይግዙ።

የመጀመሪያው ንድፍዎ ግዴታ ከሆነብዎ፣ ሁለቱንም ቡድን ከ24 ሰዓት በኋላ ይፈትኑ። ያኔ ሁሉም አንድ ሌሊት ተኝቷል፣ አንድ ቀን ውሏል፤ የሚለየው ከጥናት በኋላ እንቅልፍ መቅደሙ ወይም ውሎ መቅደሙ ነው። ሁለት ትናንሽ ቡድኖች ደግሞ ጠዋትና ማታ አጥንተው ከ15 ደቂቃ በኋላ ይፈተኑ፤ እነሱ እኩል ከወጡ «የሰዓቱ ነው» የሚለው ጥርጣሬ ይዳከማል። ይህም ቢሆን እንቅልፍ ሠራ ወይስ ጠበቀ የሚለውን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

መሣሪያውን ከመዋስዎ በፊት ደግሞ ፊዚዮኔት ከሚባለው የሕክምና መረጃ ድረ ገጽ ስሊፕ-ኢዲኤፍ የሚባለውን የእንቅልፍ ቅጂዎች ስብስብ በነፃ ያውርዱ። 197 ቅጂዎች አሉት፣ ደረጃቸውም በባለሙያ ተለይቷል። ደረጃውን ሸፍነው አምስት ሌሊት ገጽ በገጽ ራስዎ ይለዩና ከባለሙያው ጋር ያስተያዩ። የኤሌክትሮዶቹ አቀማመጥ ከእርስዎ ይለያል፣ ደረጃዎቹም የተለዩት በአሮጌው ደንብ በመሆኑ ጥልቁ ሦስትና አራት ተብሎ ተከፍሏል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይቁጠሩ። ሁለተኛውን ደረጃ ከጥልቁ በስክሪን ላይ እያለፈ ሳለ መለየት ካልቻሉ፣ ተሳታፊው አጠገብዎ ተኝቶ ሳለ ቁልፉን መቼ እንደሚጫኑ አያውቁም።